አጣቢዎቹ ብቻ የሚያውቁት

ፈትሂያ ያቺን አጭር ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ ከለጠፈች በኋላ ስልኳን ትራሷ ሥር ሸጉጣ ለእናቷ ምሳ ልታቀርብ ወጣች። ተመልሳ ስትከፍተው ሦስት መቶ አርባ ሰው መልስ ሰጥቶበታል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ «ይብቃችሁ» የሚል አንድ ሰው አልነበረም።

የጻፈችው ይህን ነበር፦ «ሐጂ ዐብደላን መቀስ አልነካቸውም። ከግራ ጆሯቸው በስተኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተመቱ። ሌላው ገላቸው ላይ ጭረት እንኳ የለም።» በራሷ ስም አልጻፈችም። በዚያ ገጽ የምትታወቀው ሰላማዊት በሚል የውሸት ስም ነው።

ሐጂ ዐብደላ አባቷ ናቸው። ጎንደር አራዳ ላይ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው አንድ ቀን ከዐሥር ሰዓት በኋላ ከሱቃቸው ጀርባ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ወድቀው ተገኙ። ይህ ከሆነ ሁለት ወር አልፎታል። ፖሊስ ብዙ ሰው ጠርቶ ጠይቋል፤ ያሰረው ግን የለም።

ፖሊስ ዝም ሲል ሌላው ሰው አፉን ከፈተ። ጊዜው 2007 ዓ.ም. ነው፤ ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ ፌስቡክ የከፈተበት። «ሐቅ ፈላጊ ጎንደር» የሚባል፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ገጽ ተከፈተና ሰው ተሰበሰበበት። መተላለፊያውን በርምጃ ለክቶ ፎቶ የለጠፈ አለ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ካርታ ላይ ቀስት የሚስል አለ። ጅዳ የምትሠራ አንዲት ሴት «በሕልሜ አየሁት» ብላ የገዳዩን ቁመት ተናግራ ዘጠኝ መቶ ላይክ አግኝታለች። ሐጂን በሕይወታቸው አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች ስለ ሐጂ የመጨረሻ ደቂቃ እርስ በርስ ይሰዳደባሉ። ዐሥራ አንድ ቦታ ተወጉ ይላል አንዱ። «ውሃ፣ ውሃ» እያሉ ሩብ ሰዓት ቆዩ ይላል ሌላው። ፈትሂያ ሁሉንም ታነባለች። ዳግመኛ ላታነብ ትምላለች፣ ደግሞ ታነባለች።

ገጹ በመጨረሻ ገዳዩን «አገኘው»። ገዳዩ በሐጂ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋው ዐብዱልከሪም ሆነ። ማስረጃቸው ብዙ ነበር፤ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ ድኻ ነው፤ ቀብር ላይ አላለቀሰም፤ መቀስ አለው። ጨርቅ ሲቆርጥ የተነሳውን ፎቶ አንዱ አምጥቶ መቀሱን በቀይ ከበበው። ያ ፎቶ ከመተማ እስከ ባሕር ዳር ዞረ።

ዐብዱልከሪምና ፈትሂያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲዋደዱ እንደኖሩ ግን ያ ሁሉ መርማሪ አላወቀም። የሐጂ ልጅ ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ሦስተኛ ዓመት ትማራለች፤ እሱ ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ የበረንዳ ሰፊ ነው። ፍቅራቸው በዐይን ነበር። ለአባቷ ምሳ ይዛ ስትመጣ ከመርፌው ላይ አንድ ጊዜ ቀና ይላል፤ ያ ቀና ማለቱ ለሳምንት ይበቃታል። ሲጽፍላት ወረቀቱን በተሰፋ ልብስ እጥፋት ውስጥ ያስቀምጣል።

አባቷ ሲሞቱ ገላቸውን ያጠቡት ሦስት ሰዎች ናቸው። የአባቷ ታናሽ ወንድም አብዱልባሲጥ፣ ሽማግሌው ሼህ ኑሩ፣ ሦስተኛው ዐብዱልከሪም። ሐጂ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ በሕይወት ሳሉ «ልኬን የምታውቀው አንተ ነህ፤ መገነዣ ከፈኔንም አንተ ትቆርጣለህ» እያሉ ይቀልዱበት ስለነበር ቀልዱ ኑዛዜ ሆነ። ሟች ያጠበ ሰው ደግሞ አማና አለበት። በገላው ላይ ያየውን፣ ክፉም ሆነ ደግ፣ ይዞት መቃብር ይወርዳል እንጂ አያወራውም።

ፈትሂያ ግን እንቅልፍ አጣች። «ተሰቃይቶ ነው ወይ የሞተው? እሱን ብቻ ንገረኝ» ብላ ለመነችው። ሦስት ሳምንት እንቢ አላት። በአራተኛው ሳምንት በተሰፋላት ቀሚስ ውስጥ ወረቀት አገኘች። «አልተሰቃዩም። ከግራ ጆሯቸው ኋላ አንድ ምት ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ይህን የነገርኩሽ እንድትተኚ ነው። ከአንቺ አይለፍ።» በዚያ ቀን ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛች።

እና አሁን በመቀስ ወጋቸው ሲሉት ልቧ አልቻለም፤ ጻፈች። እሱን ለማዳን።

መልሶቹን ማንበቧን ቀጠለች።

«ፖሊስ ያልተናገረውን አንቺ ከየት አመጣሽው?»

«ይህን የሚያውቀው የመታው ሰው ብቻ ነው።»

«ሰላማዊት ማለት ቀሚስ የለበሰ ልብስ ሰፊ ናት። ላይክ ያደረገቻቸውን ፎቶዎች እዩ፤ ሁሉም የሱ ስፌት ነው።»

«ያዙት! በራሱ አፍ ወጣ!»

ጽሑፉን አጠፋችው። ደቂቃ ሳይሞላ የጽሑፉ ፎቶ ተመልሶ መጣ፤ «ገዳዩ ማስረጃ ሲያጠፋ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ተጨምሮበት። ፈትሂያ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ያንን ሁሉ ሕዝብ ስትጠላው ነበር የከረመችው። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ጠላች።

*

በማግስቱ ዓርብ ጧት ማራኪ፣ ከክፍል ውጭ ባለው ደረጃ ላይ፣ ሐረገወይን ስልኳን ከፍታ ጠበቀቻት። ሐረገወይን የቄስ ልጅ ናት፤ የፈትሂያን ምስጢር ሁሉ የምታውቅ ብቸኛ ሰው።

«አባቴ ሠላሳ ዓመት ሰው አናዝዟል፤ አንድ ገዳይ መጥቶበት አያውቅም» አለች። «እዚህ ገጽ ላይ በአንድ ሌሊት አራት ገዳይ አገኙ። አንደኛው እኮ ሞቶ ከተቀበረ ስድስት ዓመቱ ነው።»

ፈትሂያ አልሳቀችም። «ሐረግ፣ ሰላማዊት እኔ ነኝ።»

ሐረገወይን ስልኩን ቀስ ብላ ዘጋችው። «አንቺ?»

«ላድነው ብዬ ነው።»

«የት አዳንሽው! ገመዱን አንገቱ ላይ አጠበቅሽለት እንጂ።» ከዚያ ፊቷን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ተይ እሺ፣ አታልቅሺ። በቃ እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊያ።»

«እኔ ነኝ ካልኩ ከየት አወቅሽ ይሉኛል። እሱ ነገረኝ ካልኩ፣ ምንሽ ነው ይሉኛል።»

«ምንሽ ነው?»

«ምኔ እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«እኔማ አውቃለሁ» አለች ሐረገወይን። «አጎትሽ ነው የማያውቀው። ፈቲ፣ ሰውዬው ግን እስከ መቼ ነው ባንቺ ፈንታ የሚሰደበው?»

ያ ጥያቄ ከማራኪ እስከ አራዳ በሚኒባስ አብሯት ተሳፈረ። ልትነግረው ነው የምትሄደው። በረንዳው ላይ ትቆማለች፣ «እኔ ነኝ» ትለዋለች፣ ይቆጣታል፣ ከዚያ አብረው መላ ይፈልጋሉ። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ስትለማመደው ሄደች።

በረንዳው ላይ እንደ ወትሮው ጨርቅ አልተከመረም። ደንበኞች ያልተሰፋ ጨርቃቸውን እየመጡ ወስደዋል። ዐብዱልከሪም አንድ አሮጌ ሱሪ ይጠግናል። ከፊቷ የሚሄዱ ሁለት ጎረምሶች በረንዳው አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልብስ ሰፊው፣ መቀሱ ታጠበ ወይስ ገና ነው?» አለ አንዱ።

ሌላው ምራቁን መኪናው እግር ሥር ተፋ። ዐብዱልከሪም መርፌውን አላቆመም። ጎረምሶቹ እየሳቁ አለፉ፤ አንደኛው ዞሮ በስልኩ ፎቶ አነሳው።

ፈትሂያ የሚሰፋ ነገር እንዳመጣች ሆና ቀረበች። እሱ ቀና አላለም።

«ምነው መጣሽ? ያዩሻል።»

«ዐብዱ፣ ምን ሆነሃል?»

«ዛሬ ጧት ፖሊስ ጠርቶኝ ነበር። ሰኞ እንድቀርብ ወረቀት ሰጡኝ። የቁስሉን ቦታ ከየት አወቅህ አሉኝ።»

«ሳጥባቸው አየሁ አላልካቸውም?»

«የአጣቢ አፍ ቤተሰብ ካልፈታው አይፈታም። ሼህ ኑሩም ለምስክርነት ስጠይቃቸው ያሉኝ ይህንኑ ነው። እሑድ አጎትሽን ልለምን እመጣለሁ።» ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ሦስት ነበርን ያጠብናቸው። አንዱ አጎትሽ፣ አንዱ ሼሁ። ሦስተኛው ለአንድ ሰው ብቻ ነገረ።»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ሁለት ዓመት ስትኖርለት የነበረው ያ አየት ማለት ነው፤ አሁን ግን ውስጡ ጥያቄ እንጂ ሙቀት አልነበረበትም።

«ሰላማዊት ማን ናት ፈትሂያ?»

የተለማመደችውን ቃል ከመናገሯ በፊት ዙሪያዋን አየች። ከመንገዱ ማዶ ሰው ያያቸዋል። የአጎቷ ሱቅ ሦስተኛው በር ነው። ዐይኖቹን መቋቋም አልቻለችም።

«እኔ አይደለሁም» አለች።

ዐብዱልከሪም አያትና «እሺ» አለ። ከዚያ ወደ አሮጌው ሱሪ ጎንበስ አለ። ቢሰድባት ኖሮ ትችለው ነበር። ያቺ «እሺ» ግን ቤቷ እስክትደርስ ከኋላዋ አልተለየችም፤ ማታም ከጎኗ ተኛች።

*

እሑድ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ሳሎኑ ውስጥ አራት ሰው ተሰበሰበ። አብዱልባሲጥ የሟች ወንድሙ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ ከኮምፒዩተር ቤት ያሳተማቸው የፌስቡክ ወረቀቶች አሉ። ሼህ ኑሩ ጥጉን ይዘው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ዐብዱልከሪም ጫማውን አውልቆ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ተቀመጥ ያለው ሰው የለም። ፈትሂያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ከሚያስገባው መጋረጃ ፊት ትገኛለች። ከመጋረጃው ኋላ እናቷ ሐዲጃ አሉ። ባል የሞተባት ሴት የምትጠብቀውን አራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳ ገና አልጨረሱም፤ ባዕድ ወንድ ፊት አይወጡም። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ድምፃቸውም እምብዛም አይሰማም።

«እንግዲህ ተናገር» አለ አብዱልባሲጥ።

«አያ ባሲጥ፣ ነገ ፖሊስ ፊት ነኝ» አለ ዐብዱልከሪም። «ቁስሉን ያየሁት ሳጥባቸው መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ነኝ ውሃ ያፈሰስኩት፤ እርስዎ ነዎት ራሳቸውን የያዙት። ወይ ይመስክሩልኝ፣ ወይ ለሼህ ኑሩ ይፍቀዱላቸው። ሌላ የምለምነው የለም።»

«አውቃለሁ! ስታጥበው እንዳየህ አጥቼው ነው?» አብዱልባሲጥ ወረቀቱን አነሳና እያራገበ ተነሳ። «ገዳይ ነህ አልልህም። ገዳይስ አንድ ጊዜ ገድሎ ይሄዳል። አንተ ግን የወንድሜን ገላ ገበያ አወጣኸው! ሦስት መቶ ስድ አደግ ስለ ጆሮው ኋላ እንዲከራከር አደረግህ። በረንዳ ሰጠንህ፣ ከማዕዳችን በላህ፣ ጀናዛችንን አመንንህ። የሴት ስም ለብሰህ አወራኸው!»

«የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው? ሼህ ኑሩ ናቸው? ስልክ ሲደወልላቸው በየት በኩል እንደሚያነሱት የማያውቁ ሰውዬ?»

ሼህ ኑሩ መቁጠሪያቸውን ሳያቆሙ «እኔ ስልኬንም አልወደው» አሉ።

ማንም አልሳቀም።

«ተናግሬያለሁ» አለ ዐብዱልከሪም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «አማናውን አፍርሻለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ለአንድ ሰው ነግሬያለሁ።»

«ለማን?»

«እሱን አልናገርም።»

«እንግዲያው እኔም አልናገርም!» አብዱልባሲጥ ወረቀቱን እግሩ ሥር ወረወረው። «ነገ ለፖሊሱ ከየት እንዳወቅህ ራስህ ንገረው። ሲያስሩህም በዚያው ፌስቡክህ ላይ ጻፈው። ውጣ!»

ዐብዱልከሪም ወደ ጫማው ጎንበስ አለ። አንዴም ወደ መጋረጃው በኩል አላየም። ፈትሂያ ጎንበስ ያለውን ጀርባ እያየች የሰኞን ጧት አየችው፤ እጁ ታስሮ፣ ስልኮች ተደርድረው፣ ያ ሁሉ ሰው «አላልናችሁም?» ሲል። ስሟን አሁንም አልጠራም። አይጠራምም።

«ለኔ ነው የነገረኝ።»

አብዱልባሲጥ ዞረ። «ምን አልሽ?»

«ለኔ ነው የነገረኝ አጎቴ። ስለምነው ኖሬ ነው። ሰላማዊትም እኔ ነኝ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ዕለት ራሱ ሲጠይቀኝ ዋሸሁት።»

ክፍሉ ውስጥ የመቁጠሪያው ድምፅ ቆመ።

«እና ይሄ ሰው» አለ አብዱልባሲጥ ቃሉን እየጎተተ፣ «የወንድሜ ልጅ ለምን ትለምነዋለች? ምንሽ ነው?»

«እወደዋለሁ።»

እጁ ሲነሳ አየችው። ዐይኗን አልከደነችም። ዐብዱልከሪም ከበሩ አንድ ርምጃ ሲራመድም አየች። ግን ሁለቱንም ያቆማቸው ከመጋረጃው ኋላ የመጣው ድምፅ ነው።

«ባሲጥ።»

የተነሳው እጅ በአየር ላይ ቀረ።

«እትዬ ሐዲጃ፣ ሰምተሻል እኮ! ልጅሽ...»

«ሰምቻለሁ። ተቀመጥ።» ድምፁ ሻካራ ነበር፤ ለሁለት ወር ያልተነካ ጉሮሮ። «ልጄ የሠራችውን በኋላ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። ዐብዱልከሪም፣ አለህ?»

«አለሁ እትዬ።»

«ሴቶቹ ለለቅሶ ሲመጡ ሁሉም ከስልክ ያነበበውን ይነግረኛል። ዐሥራ አንድ ቦታ ተወጋ ትለኛለች አንዷ። ውሃ ለምኖ የሚሰጠው አጣ ትለኛለች ሌላዋ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ በየቀኑ ውሃ ከልክዬው የገደልኩት ይመስለኛል። ባሲጥም ዝም አለኝ፣ ሼሁም ዝም አሉኝ። አማና ነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም።» ትንፋሽ ሰበሰቡ። «ለልጄ የነገርካትን ለኔም ንገረኝ። ተሰቃይቶ ነበር?»

ዐብዱልከሪም ሼህ ኑሩን አየ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመጋረጃው ፊት መጥቶ ተንበረከከ።

«ወላሂ አልተሰቃዩም እትዬ። ፊታቸው ሱቁ ውስጥ ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው እንደነበረው ነው። እጃቸው አልተጨበጠም። ግንባራቸውም አልተቋጠረም። ምቱን የሰሙትም አይመስለኝም።»

ከዚያ ከመጋረጃው ኋላ «አልሐምዱሊላህ» የሚል ቃል ወጣ፤ ከባድ እንስራ ከጀርባዋ እንዳወረደች ሴት ድምፅ። አብዱልባሲጥ የወንድሙ ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሐዲጃን እንዲህ የሚያሰቃያቸው ጥያቄ ይህ መሆኑን አላወቀም ነበር።

«የሦስታችሁንም አፍ ፈትቻለሁ» አሉ ሐዲጃ። «ሼህ ኑሩ፣ ነገ አብረውት ይሂዱ። ባሲጥ፣ አንተም ትሄዳለህ።»

አብዱልባሲጥ «እሺ» አለ፤ ቀና ሳይል።

«አንተም አትሳሳት ዐብዱልከሪም። ልጄን ሰጠሁህ አላልኩም። ሳላውቅ የከረመውን ነገር በአንድ ቀን አልውጠውም፤ ተቆጥቻለሁ። ነገር ግን የባሌን ገላ ያጠበ ሰው ከቤቴ ተባርሮ፣ ብቻውን አይወጣም። ፈትሂያ፣ ሸኚው።»

*

የግቢው በር ሲከፈት ወሬው ቀድሟቸው ወጥቶ ነበር። ልብስ ሰፊው የሐጂ ቤት ተጠርቷል መባሉን የሰሙ ስድስት ሰባት ወጣቶች ከመንገዱ ማዶ ተኮልኩለዋል። ስልኮች ተነሡ።

«ወጣ! ወጣ!»

«አጠገቡ ያለችው ማን ናት? ሰላማዊት ራሷ እንዳትሆን!»

ሳቁ። ፈትሂያ ቆመች። ሻሿን ከፊቷ ገለጠች።

«ነኝ» አለች። «ሰላማዊት እኔ ነኝ። ስሜ ፈትሂያ ዐብደላ ነው፤ የሐጂ ልጅ። ቁስሉን ያወቅኩት አባቴን ካጠበው ሰው ነው። አንሱኝ፣ እሱንም ጻፉት።»

አንዱ ስልኩን ዝቅ አደረገ። ሌሎቹ አላደረጉም። ከኋላ አንዱ «የገዳዩ ሚስት!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ባለጌ ቃል ጨመረበት። ያ ቃል ማታ በገጹ ላይ በሺህ ሰው እንደሚደገም ታውቃለች።

ቁልቁል መሄድ ጀመሩ፤ እሱ በአንድ ርምጃ ቀድሞ፣ እሷ ከጎኑ።

«መጻፍሽ አይደለም» አለ በመጨረሻ፤ ሳያያት። «መጻፉንስ ለኔ ብለሽ ነው። ዓርብ ዕለት ዐይኔን እያየሽ አይደለሁም ስትይኝ ነው የተጎዳሁት።»

«ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቼ ነበር። ስፈራ ስምሽን አልጠራሁም።»

ይቅር በለኝ ማለት ፈለገች፤ ቃሉ አነሰባት። ከኋላቸው ወጣቶቹ እየተከተሉ ነው፤ ጫማቸው ይሰማል፣ ሳቃቸው ይሰማል። ፈትሂያ ስለ አባቷ «እጃቸው አልተጨበጠም» የተባለውን አሰበች። ሁለት ወር ሙሉ ስለ አባቷ ስታነብ፣ ስትከራከር፣ ስትናደድ ነው የከረመችው፤ ለአባቷ ግን አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰችላቸውም። መንገዱ መሃል ቆማ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ሰው ሁሉ እያያት አለቀሰች።

ዐብዱልከሪም ሁለት ርምጃ አልፎ ቆመ። ዞሮ አያት። ስልኮቹ ሲቀርቡም አየ።

ተመልሶ መጣ። አልነካትም፤ አላባበላትም። ፊቱ እንደተቆጣ፣ በእሷና በስልኮቹ መሃል ገብቶ ቆመ።